የእንቁላል ማርከሻ

ይመኙሻል ባሏን በሰሙነ ሕማማት፣ ሰው ሁሉ ለውኃ እንኳ በሚሳሳበት ሳምንት፣ ሠላሳ እንቁላል አብልታ ገደለችው ይባላል። ሠላሳ የሚለው ከየት እንደመጣ አይታወቅም። የእንቁላል ካርቶን የሚይዘው ሠላሳ ስለሆነ ይሆናል፤ ሐሜት ችርቻሮ አያውቅም፣ የሚቆጥረው በጅምላ ነው።

ወሬው ያለ ማስረጃ የቆመ አይደለም። የበላይነህ ሬሳ ካርቱም ያለው ሰፈራችን አል-ሳሃፋ ሲገባ ጢሙ ላይ አስኳል ደርቆበት ነበር። ያጠቡት ሰዎች አይተዋል፤ ያላጠቡትም አይተናል ይላሉ። ቄሱ ፍትሐት ሳያደርሱለት ተቀበረ፤ ጾም የገደፈ ስለሆነ ነው ተባለ። እንቁላል አከፋፋዩ ሐቲም፣ ሚስቱ የሞተችበት ባለ ነጭ ጀለቢያ ሱዳናዊ፣ የለቅሶውን ቀን ሁሉ ከድንኳኑ ንቅንቅ አላለም። መበለት፣ እንቁላል፣ ሚስት አልባ ነጋዴ፤ ሐሜተኛ ከዚህ በላይ ምን ቅመም ይፈልጋል።

እርማቱ እንዲህ ነው። አስኳሉ ከውጭ የተቀባው እንጂ ከአፉ የወጣ አይደለም፤ እንዴት እንደሆነ እንደርስበታለን። ፍትሐት በሕማማት ለማንም አይደርስም። በዚያ ሳምንት የሚሞት ምእመን ፍትሐቱ ሆሳዕና ዕለት፣ ገና በእግሩ ቆሞ ዘንባባውን እንደያዘ፣ አስቀድሞ ተነቦለታል። ይህን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሐሜት ሲመጣ ግን ዕውቀት ከደጅ ቆማ ትጠብቃለች። ሐቲም ደግሞ ከድንኳኑ ያልወጣው ድንኳኑ የራሱ ስለነበር ነው። ያዋሰው እሱ ነው፤ ካስማው እንዳይሰረቅበት ይጠብቅ ነበር።

በላይነህ በሞተበት ቀን አንድ እንቁላል አልቀመሰም። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታትም አልቀመሰም። ወሬው ውሸት ነው። ክፋቱም ውሸት መሆኑ ነው።

ይመኙሻል የደምቢያ ልጅ ናት። በመተማ በኩል ሱዳን ገብታ፣ ሰው ቤት ተቀጥራ፣ ከአንዷ እመቤት ወደ ሌላዋ ስትዞር ከርማ፣ በመጨረሻ አል-ሳሃፋ ሚኒባሶቹ የሚቆሙበት ጥግ ላይ የከሰል ምድጃና መጥበሻ ይዛ ተቀመጠች። ሥራዋ እንቁላል ነው፤ የተቀቀለውን በጨውና ሻጣ በሚሉት በርበሬ፣ የተጠበሰውን በዳቦ። በላይነህ የመጣው ወደ ሊቢያ ሊሻገር ነበር። የቀን ሥራ እየሠራ፣ ብሎኬት እየተሸከመ ተራውን ሲጠብቅ፣ ጠዋት ጠዋት ከእሷ ዘንድ ቁርስ ይበላል። ሰሃራን ያልፈራ ሰው በመጥበሻ ተያዘ። ደላላው በደወለ ቁጥር «ነገ» ይለዋል፤ ያ ነገ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው። የሄዱት ጓደኞቹ ባሕር ውስጥ ቀሩ የሚል ወሬ ሲመጣ፣ መጥበሻው አጠገብ ቁጭ እንዳለ፣ «ባሕር ከሚበላኝ እኔ እንቁላል ልብላ» አለ። ተሳቀ።

የበላውም የማይሸጠውን ነው። የሐቲም እንቁላል በረክሻ፣ በዚያ ባለ ሦስት እግር ባጃጅ፣ ጉድጓድ ለጉድጓድ እየዘለለ ስለሚመጣ ከየካርቶኑ ጥቂቱ ተሰንጥቆ ይደርሳል። ስንጥቅ አይቀቀልም፤ ድስቱ ውስጥ ይፈሳል። ለጥብስም አይሆንም፤ የአል-ሳሃፋ ደንበኛ እንቁላሉ ፊቱ ካልተሰበረለት አያምንም፣ ተሰንጥቆ ያደረ ካየ ደግሞ ሌላ ጥግ ይሄዳል። ሐቲም አይመልሰውም። ስለዚህ ስንጥቁ ሁሉ የበላይነህ ሆነ። ልጅ አልሰጣቸውም ነበርና የይመኙሻል ፍቅር በሙሉ በዚያ ሳህን በኩል አለፈ። አንዳንድ ጠዋት አምስት፣ ስድስት፣ ያውም ትናንት በተጠበሰበት ዘይት። ሰፈሩ «የስንጥቅ መቃብር» ይለው ነበር። እሱ ሆዱን መታ መታ እያደረገ «ገና ቦታ አለ» ይላል።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ፣ ገናን በፈታ በሳምንቱ፣ ሰፈሩ ውስጥ ሰልፍ ነበር። ወጣቶቹ ይወጣሉ፣ ፖሊስ አስለቃሽ ጭሱን ይተኩሳል፤ ጭሱን እዚህ ሕፃን ሽማግሌው ቡምባን ይለዋል። ይመኙሻል ምድጃዋን ወደ ግቢ ስታስገባ በላይነህ ግድግዳ ተደግፎ ተንሸራቶ ተቀመጠ። ላብ አጥምቆታል፣ ግራ እጁ አልታዘዝ ብሎታል።

«ቡምባን ነው፣ ሽንኩርት አምጪልኝ» አለ።

ሽንኩርት አፍንጫው ላይ ያዘችለት። ምንም አልተለወጠም። ሰላሕዲን ነው የደረሰላት። ሰላሕዲን እናቱ የእኛ፣ አባቱ ሱዳናዊ፣ ካርቱም ተወልዶ ካርቱም ያደገ ባለ ረክሻ ነው፤ አማርኛው ፍሬን እንደሌለው ረክሻ ነው፣ ይሄዳል ግን የት እንደሚቆም አታውቁም። ጭስ ለጭስ እየሰነጠቀ አንድ ክሊኒክ አደረሳቸው።

የተቀበለቻቸው ሐኪም ዶክተር ጋዳ ትባላለች። ወጣት ናት፤ ቀን ሰልፍ ላይ ስትጮኽ ውላ ድምፅዋ ተዘግቷል። በሽተኛውን አስተኝታ፣ ደሙን አስመርምራ፣ የሚደረገውን ካደረገች በኋላ ወደ ይመኙሻል ዞረች። የይመኙሻል ዐረብኛ የገበያ ነው፤ ከዋጋና ከሰላምታ ሲያልፍ ሰላሕዲን ያሻግረዋል።

«ያጨሳል?»

«ያጨሳል።»

«ምን ይበላል?»

ይመኙሻል መሬት መሬት አየች። «እንቁላል።»

«ምን ያህል?»

«ስንጥቁን ሁሉ።»

ሰላሕዲን ይህን እንዴት እንደሚያሻግረው ሲቸገር ዶክተሯ ፈገግ አለች፤ በዚያ ቀን የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ በሙሉ ትዕግሥት አስረዳች። የልቡ ደም ሥር ጠቧል። ደሙ ውስጥ ስብ በዝቷል። እንቁላል ብቻውን ጠላት አይደለም፤ ጤነኛ ሰው በቀን አንድ ቢበላ ብዙም አይጎዳም። የእሱ ደም ግን እንዲህ ስለሆነ አስኳሉን ይቀንስ፣ አንዳንዴ ብቻ፣ ነጩን ቢፈልግ ይብላ። ከእንቁላሉ ይልቅ የሚያስፈራት ሲጋራው፣ ጨው ማብዛቱና ያ ተመላልሶ የሚቃጠለው ዘይት ነው። አብዛኛውን ስብ የሚሠራው ደግሞ የራሱ ጉበት ነው፤ ምንም ባይበላም ይሠራል። ስለዚህ እነዚህ ሁለት ኪኒኖች፣ አንዱ ደም እንዳይረጋ፣ አንዱ ስቡን የሚቀንስ፣ በየቀኑ፤ በላም አልበላም፣ አመመውም አላመመውም፣ እኔ አቁም እስክል።

ሰላሕዲን ሁሉንም አሻገረው። እዚህ ላይ ይሰመርበት፤ በኋላ «አስተርጓሚው ነው ያጠፋው» የሚል ወሬ ስለተነሣ ነው። ልጁ አንድም አላስቀረም፤ ጉበቱን ሳይቀር ተናግሯል። ይመኙሻል ግን «እንቁላል» የሚለውን ከራሷ አፍ ካወጣች በኋላ የሰማችው ነገር የለም። ሌላው ሁሉ በላይዋ ላይ እንደ ዝናብ ፈሰሰ።

በረክሻው ሲመለሱ ይመኙሻል «በገዛ እጄ» አለች።

«ምን በገዛ እጅሽ?» አለ በላይነህ፣ ሰውነቱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ወንበሩ ላይ ተዘርግቶ።

«ልገድልህ ነበር።»

«ታዲያ አልገደልሽኝም እኮ። ገና ቦታ አለ።»

ሰላሕዲን ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የይመኙሻል ሕይወት ባንድ ነገር ላይ ቆመ፤ የእሷ እጅ ይህን ሰው እንዳይገድለው።

በማግስቱ ለጎረቤቷ ለሐመልማል ነገሩን ስታስረዳ፣ አስተውላ የደረሰችበትን ነው የተናገረችው። ሐመልማል የሰፈሩ ሬዲዮ ናት፤ ለእሷ የተነገረ ለሁላችንም ተነገረ ማለት ነው።

«አባቴ ጥሬ ሥጋ ይወድ ነበር» አለች ይመኙሻል። «ሥጋውን በበላ ጊዜ ኮሶውን ይጠጣል። ሥጋ ላልበላ ሰው ኮሶ ብታጠጪው ምን ይሆናል?»

«አንጀቱን ነዋ የሚበጣጥሰው» አለች ሐመልማል።

«ይኸውልሽ። ይሄ ኪኒን የእንቁላል ኮሶ ነው። በበላ ቀን ይውጣል፣ ባልበላ ቀን ለምን ሆዱን ላቁስለው? ማርከሻ የሚሰጠው መርዙ ላለበት ነው።»

ሐመልማል ራሷን ነቀነቀች። የሰማው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እንደውም «ሐኪም ብትሆኚ ኖሮ» ያላት አለ።

ቤቷ ውስጥ ሕግ ወጣ። በፍስክ ቀን አንድ እንቁላል፣ ያውም ስንጥቅ ያልሆነ፣ በንጹሕ ዘይት፤ ከዚያ ሁለቱ ኪኒኖች ከእጇ ወደ እጁ፣ ሲውጥ ጉሮሮውን እያየች። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ እንቁላል የለም፣ ኪኒን የለም። ነነዌም እንደዚያው አለፈ። ሲጋራውን በየመስኮቱ ስር ትለቅምበት ጀመር፤ እሱ ሽንት ቤት ውስጥ ያጨሳል። አንድ ዓርብ ደረቱን እንደ ቃር ነገር አቃጠለው።

«ባዶ ሆድ ነው» አለችው። «ጾም ነው፤ ታግሠህ ዋል።»

«እንቁላሉን ስጪኝና ኪኒኑን ልዋጠው፣ ሁለታችንም እንረፍ።»

«በዓርብ? አንተ ከልብህ ነው የታመምከው ወይስ ከጭንቅላትህ?»

የኪኒኑ ነገር ደግሞ እየባሰ ሄደ። አገሩ ሲናጥ መጀመሪያ የሚጠፋው ዳቦ ነው፣ ቀጥሎ መድኃኒት። ፋርማሲ ለፋርማሲ ሲዞሩ «ኢንሻላህ በሚቀጥለው ሳምንት» ይባላል። እኛ ሰፈር አሮጊቶች የግፊት ክኒናቸውን በቢላ እየከፈሉ ይውጡ ነበር። ይመኙሻል ግን ባልበላ ቀን የተረፈውን እሽግ እሽጉን ታስቀምጣለች። ሰው ቅቤ ለፋሲካ ያነጥራል፤ እሷ ኪኒን አጠራቀመች። ፋሲካ ሲመጣ ዶሮው አለ፣ ዶሮው ውስጥ እንቁላሉ አለ፣ ያኔ ማርከሻ ቢጠፋ ምን ይሆናል? አስተዋይ ሴት ናት። ሁሉም እንዲህ ይላት ነበር።

ሁዳዴ ገባ። በላይነህ ምስርና ፉል እየበላ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾመ፣ ከስቶ አማረበት። ሚስቱ ቀኑን ሙሉ ለሱዳኖቹ እንቁላል ትጠብሳለች፤ ጨው እንኳ አትቀምስም፣ በዓይኗ ነው የምትመጥነው። ስንጥቁ ለሰላሕዲን ሆነ።

ሰላሕዲን አንድ ቀን፣ «ኻልቲ፣ ኪኒን አለቀ? እኔ ሱቅ ዐረቢ ገበያ እሄዳለሁ፣ እዚያ ሰውዬ አለ፣ ያመጣል» አላት። ኻልቲ ማለት አክስቴ ማለት ነው።

«አላለቀም ልጄ። ጾም ነው።»

ሰላሕዲን ሙስሊም ነው። በእሱ ቤት ጾም ማለት ረመዳን ነው፤ የታመመ ሰው መድኃኒቱን ቀን አይውጥም፣ ጀምበር ስትጠልቅ ይውጣል። ስለዚህ ገባኝ ብሎ ሄደ። የንስሐ አባቷም በበኩላቸው «መድኃኒት ጾም አይሽርም» ብለዋታል፤ ሳይጠየቁ፣ ለሁሉም የሚሉትን። እሷም «ይሁን አባ» ብላ እጃቸውን ሳመች። እንደማይሽር እሷም ታውቃለች። የማያስፈልግ ነገር ግን ለምን ይዋጣል? ሁለቱም፣ ቄሱም ሰላሕዲንም፣ በሯ ላይ ደርሰው ነው የተመለሱት።

መጋቢት ሲያልቅ ደንበኛ ጠፋ። ሰው ሁሉ ቂያዳ፣ ከጦር ኃይሉ ጠቅላይ መምሪያ ፊት ለፊት፣ መንገድ ላይ ተቀምጧል። ፕሬዚዳንቱ ወረደ ተባለ፤ ሰው ግን አልተነሣም፣ እንደውም ጨመረ። ይመኙሻል የሚኒባሱ ጥግ ላይ ለዝንብ ስትጠብስ ሰንብታ፣ «እንቁላሉ ወደ ሰው ካልሄደ ሰው ወደ እንቁላል አይመጣም» ብላ ምድጃዋን በሰላሕዲን ረክሻ ጫነች። በላይነህ ተሸካሚዋ ሆነ።

ያንን ሰሞን ለሚያስታውስ ሰው፣ በላይነህ እንደዚያ ደስ ብሎት አይታወቅም። የካርቱም ዕድሜው ሁሉ ከሻ ሲሸሽ ያለቀ ሰው ነው፤ ከሻ ማለት ፖሊስ መኪና ይዞ መጥቶ ወረቀት የሌለውን የውጭ ሰው ሲያፍስ ነው። አሁን ወታደሩ አጠገብ ቀና ብሎ ይሄዳል። መግቢያው ላይ የሚፈትሹት ወጣቶች እየዘፈኑ ይፈትሻሉ፣ ይቅርታ ይጠይቃሉ። «ፖሊስ ይቅርታ ሲለኝ ብሞትም አይቆጨኝ» አለ አንድ ቀን። ፖሊስ እንዳልሆኑ ነገሩት። «ቢሆንም» አለ።

የሕማማት ማክሰኞ ከአትባራ ከተማ ሰልፈኞች የጫነ ባቡር ይገባል ተብሎ ከተማው ወደ ሐዲዱ ፈሰሰ። ፀሐዩ ድንጋይ ያቀልጣል። በላይነህ ከምሽት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ ሁለት ካርቶን ጥሬ እንቁላል በትከሻው ይዞ ከረክሻው ወደ ምድጃው ሲሄድ፣ ከድልድዩ ላይ ወጣቶቹ ብረቱን በድንጋይ ይደበድባሉ፣ ባቡሩ ይጮኻል፣ ሰው ባንድ ላይ ይንቀሳቀሳል። ይመኙሻል ከሩቅ እያየችው ነበር። ቆመ። አንድ ነገር የረሳ ሰው ይመስል ነበር አለች በኋላ። ከዚያ በግንባሩ ካርቶኑ ላይ ተደፋ።

«ሸሂድ፣ ሸሂድ»፣ ሰማዕት ሰማዕት፣ እያሉ ወጣቶቹ ተሻሙበት። ጥይት የመታው መስሏቸው ሸሚዙን ቀደዱ፤ ጥይት የለም። ያገኙት እንቁላል ነው፤ ፊቱ፣ አንገቱ፣ ጢሙ ቢጫ ሆኖ። አንዱ በትከሻው በነበረው ባንዲራ አፉን ጠረገለት። ጢሙ ላይ የቀረውን ማን ያስተውል።

ተሸክመው ወደ ሐኪሞቹ ድንኳን ወሰዱት። እዚያ ያለችው ዶክተር ጋዳ ናት። ደረቱን ተጫነች፣ እየተፈራረቁ ተጫኑ፣ ላቧ በላዩ ላይ እስኪንጠባጠብ። ቆመች። አወቀችው ያኔ ነው፤ ቀና ስትል ይመኙሻልን አየች፣ ሰላሕዲንን አየች።

«የስንጥቁ ሰውዬ» አለች በዐረብኛ። ቀጥላም፣ «ኪኒኑን ዛሬ ወስዶ ነበር?»

ሰላሕዲን አሻገረ። ይመኙሻል እያለቀሰች ነው፤ መልሷን ስትሰጥ ግን ራሷን ቀና አደረገች፤ እንደ ጎበዝ ተማሪ።

«ንገራት፣ ጾሙ ከገባ ወዲህ እንቁላል በአፉ አልዞረም። በማርያም። ኪኒንም አላስፈለገው፣ እሽጉ እንዳለ አለ። በእኔ በኩል የጎደለ የለም በላት።»

ሰላሕዲን ወደ ዶክተሯ ዞረ። ከዚያ አሻገረው፤ እያንዳንዱን ቃል። ዶክተሯ ጓንቷን አወለቀች፣ ልትናገር አፏን ከፈተች፣ የሴትዮዋን ፊት አየች። ልጁን ወደ ድንኳኑ ጥግ ሳብ አድርጋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ኪኒኑን በማቋረጡ ነው። ይህን እሷ አትስማ» አለችው። «ዛሬ አትስማ።»

«ታዲያ መቼ ልንገራት፣ ዱክቱራ?»

ሌላ በሽተኛ ይዘው ገቡ፤ ፀሐይ የመታው ልጅ። ዞረች።

ለቅሶው ላይ የሆነውን ተናግረናል፤ አስኳሉን፣ ፍትሐቱን፣ የሐቲምን ካስማ። ሠላሳው እንቁላል በሦስተኛው ቀን ተፈለፈለ። በሳምንቱ ጀሪፍ የሚባለው ሰፈር ደረሰ፤ እዚያ ያሉት ሀበሾች ዶሮም አስገቡበት። ይመኙሻል ጥቁሯን ለብሳ ምድጃዋ ጋ ስትመለስ የእኛ ሰዎች ሰላም ይሏታል፣ ይሳሳሙ ይሆናል፣ ቁርሳቸውን ግን ማዶ ይበላሉ።

እውነቱም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ሰላሕዲን ከበደው፤ ለእናቱ ለሰብለ ነገራት። ሰብለ «ለአንቺ ብቻ» ብላ ለሐመልማል ነገረች፣ ሐመልማልም ለእያንዳንዳችን ብቻ ብቻችንን ነገረችን። አርባው ሳይደርስ ሰፈሩ ሁሉ አወቀ፤ ከአንድ ሰው በቀር። አሁን ሁለት ነገር ይዘናል። አንደኛው በእንቁላል ገደለችው ይላል፣ ውሸት ነው። ሁለተኛው ስለ እንቁላሉ ብላ ኪኒኑን ከለከለችው ይላል፣ እሱ ውሸት አይደለም።

«ንገሯት» ያለ ነበር። «ስሟ ይጽዳ።»

«ስሟ ሲጸዳ እሷ ምን ትሆናለች?» አለች ሐመልማል። ሐመልማል ሰው ዝም በሉ ብላ ስትለምን ያየናት ያኔ ነው። «ሐሜቱ ያናድዳታል፣ ያናድዳት። ሰው በንዴት ይኖራል።»

ስለዚህ ሐሜቱን ማንም አላስተባበለም። እንደውም ሲበርድ የሚያራግብ አልጠፋም፤ ሐሜቱ ከሞተ ቦታውን የሚወርሰው ምን እንደሆነ ስለሚታወቅ። እኛ ሰፈር ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲያም ሐሜት ለጽድቅ አልዋለም።

ረመዳን ሊወጣ ሲል ያ ሁሉ ሰው የተቀመጠበት ቦታ በጥይት ተበተነ። ስለዚያ ጠዋት ብዙ ሰው ብዙ ተናግሯል፤ እኛ ግቢያችንን ዘግተን ነው የሰማነው። ከዚያ አድማ ተጠራና ከተማው ተዘጋ፤ ሚኒባስ የለም፣ ሱቅ የለም፣ ኢንተርኔት የለም። ወሬ ከውጭ ስላልመጣ ሴቶቹ ያለውን አሮጌ ወሬ ይዘው በይመኙሻል ግቢ ጥላ ስር ተሰበሰቡ፤ ሽንኩርት የሚልጥ ይልጣል፣ ሹሩባ የሚሠራ ይሠራል። ሐመልማል አለች፣ ሰብለ አለች፣ ሌሎችም ነበርን።

ሰላሕዲን በእግሩ መጣ። ረክሻው አድማ ላይ ነው፣ ዓይኑ ቀልቷል። በር ላይ ቆሞ እናቱን ሊያናግር ፈለገ፣ እናቱ ግን በዓይኗ ሂድ አለችው። አልሄደም።

«ዱክቱራ ጋዳ ልካኝ ነው» አለ። «ፋርማሲ ዝግ ነው። የልብ ሰዎች አሉ፣ ኪኒን የላቸውም። ቤት ለቤት የቀረ ካለ አምጣ አለች። እኔ… ሌላ ቤት ልሂድ።»

«የት ነው የምትሄደው?» አለች ይመኙሻል። «እኔ አለኝ አይደል።»

ተነሥታ ገባች። ሰብለ ልጇን ፀጉር በሚያቆም ዓይን አየችው። ይመኙሻል በፌስታል የታሰረውን ይዛ ወጣች፤ ፈታችው፣ ምንጣፉ ላይ ዘረገፈችው። እሽግ በእሽግ ላይ፣ ብዙው ያልተቀደደ፣ ብሩ ፀሐይ ላይ የሚያብለጨልጭ። ለፋሲካ የተቀመጠው።

«ውሰድላት» አለችው። «ለታመመ ይሁን፣ ለእሱም ነፍስ ይሆነዋል። ግን ቆይ፣ መጀመሪያ እነዚህ ይዩት።»

ወደ እኛ ዞረች። ቁጣ አልነበረባትም፤ ወሩን ሙሉ ስትጠብቀው የነበረ ቀን የመጣላት ነው የምትመስለው። አንዱን እሽግ አነሣች፣ ፍሬዎቹ አንድም እንዳልተነኩ በአውራ ጣቷ እየዳበሰች ለሐመልማል አሳየቻት፣ ለሰብለ አሳየቻት፣ ለየፊታችን አዞረችው።

«የምትሉትን ሰምቻለሁ» አለች። «እንቁላል አብልታ ገደለችው ትላላችሁ። እሺ። እንቁላል አብልቼው ቢሆን ይሄ ሁሉ ኪኒን ይተርፍ ነበር?»

ሽንኩርቱን የምትልጠው ቢላዋዋን አስቀመጠች። ሰላሕዲን ጫማውን ያያል። ሐመልማል፣ ለሁሉም ነገር መልስ ያላት ሐመልማል፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ይመኙሻል አንድ እርምጃ ወደ እኛ ቀረበች። ያልሰማናት መስሏት ኖሮ፣ እሽጉን ከፍ አድርጋ፣ ቀስ ብላ ደገመችልን፦

«ንገሩኛ። ይተርፍ ነበር?»